የመጨረሻው ተቀናሽ

የገና ጨዋታን በረዶ ላይ አድርጋችሁ አስቡት። ተጫዋቾቹ ከጫማቸው ሥር ስለት ባለው ብረት ይንሸራተታሉ፤ ሩሯ ደግሞ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ናት። አይስ ሆኪ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው። እኔ የጨዋታው ወዳጅ አይደለሁም። የአሜሪካዊውን አሰልጣኝ የኸርብ ብሩክስን ሕይወት የተከታተልኩት ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ሰው እንዴት ይመረጣል? ያልተመረጠውስ?

ብሩክስ በ1937 በሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ ለ1960 ኦሊምፒክ ብሔራዊ ቡድን ታጨ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ተቀነሰ። ከቡድኑ በመጨረሻ የወጣው ሰው እሱ ነበር። ጓደኞቹ ወርቅ ሲያጠልቁ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን አየ። በ1964 እና በ1968 ኦሊምፒክ ቢሰለፍም ሜዳልያ አላገኘም።

ማሰልጠን የጀመረው ከታች ነው፤ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ፣ በግሌን ሶንሞር ሥር ምክትል ሆኖ። በ1972 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ ኮሌጆች ዋንጫ አመጣ። በ1976 እና በ1979 ደገመው፣ ሠለሰው።

ከዚያ የ1980 ኦሊምፒክ ቡድን ተሰጠው። ኢኮኖሚክስ ስንማር የአንድ ሠራተኛ ውጤት አጠገቡ ባለው ሰው ጭምር ይወሰናል እንባል ነበር። ብሩክስ ይህን በተግባር አሳየ፤ ጎበዝ የሚባሉትን ሁሉ ሳይሆን እርስ በርስ የሚገጥሙትን የኮሌጅ ልጆች መረጠ። ችግሩ የሚኒሶታና የቦስተን ልጆች የቆየ ቂም ነበራቸው። ስለዚህ እርስ በርስ ከሚጠላሉ ሁሉም እሱን እንዲጠሉት አደረገ። ከኖርዌይ ጋር 3 ለ 3 የተለያዩ ዕለት፣ ከጨዋታው በኋላ በረዶው ላይ አስቀርቶ አሯሯጣቸው። መብራቱ ጠፋ፤ እሱ ግን አላቆመም። የተከፋውን የሚያዳምጠውና የሚያባብለው ምክትሉ ክሬግ ፓትሪክ ነበር። አባት ሲቆጣ እናት እንደምታባብለው ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ያለ ፓትሪክ ያ ቁጣ ቡድኑን ይበትነው ነበር።

በኦሊምፒኩ ዋዜማ በሶቪየት ኅብረት 10 ለ 3 ተሸነፉ። ሶቪየቶች አራት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰዱ ነበሩ። ከ13 ቀን በኋላ፣ የካቲት 22፣ ሌክ ፕላሲድ ላይ እነዚያው ልጆች 4 ለ 3 አሸነፏቸው። ፊንላንድን ደግሞ 4 ለ 2 ረትተው ወርቁን ወሰዱ። ሶቪየቶች የተረቱ ዕለት ብሩክስ ደስታውን ለልጆቹ ትቶ ብቻውን ወደ ውስጥ ገባ።

ብሩክስ በ2003 በመኪና አደጋ፣ በ66 ዓመቱ አረፈ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን ድል ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ራልፍ ኮክስ ነው፤ ከ1980ው ቡድን በመጨረሻ የተቀነሰው። ብሩክስ ያንን ሕመም ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። ቢያውቀውም አንድ ሰው መቀነስ ነበረበት። ምርጫ ሲባል ዋጋ የሚከፍል ሰው አይጠፋም። አለቃ የሚሆን ሰው ያንን ዋጋ አንድ ጊዜ ራሱ ከፍሎት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሚቀንሰው ስም ሳይሆን ሰው መሆኑን አይረሳም።