ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ)፦ ቁስለኛ ያከመች፣ ዑለማእ ያስተማረች



በዚህ እትም የምናስታውሳት ሶሓቢያ ኡሙ ዐጢያ ናት። ስሟ ኑሰይባ ቢንት አል-ሓሪስ ሲሆን ከመዲና አንሷር ወገን ናት። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሰባት ዘመቻ ወጥታለች። ተዋጊዎቹ ሲገጥሙ እሷ ከኋላ ጓዝ ትጠብቃለች፣ ምግብ ታበስላለች፣ ቁስለኛ ታክማለች፣ በሽተኛ ታስታምማለች። ዛሬ ከነርስ የምንጠብቀውን አገልግሎት እሷ በጦር ሜዳ ሰጥታለች ማለት ነው።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ የነቢዩ ልጅ ዘይነብ (ረ.ዐ) ወደ አኼራ ሄደች። ካጠቧት ሴቶች አንዷ ኡሙ ዐጢያ ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሥራውን በዝርዝር ነገሯቸው፦ በውሃና በሲድር ማጠብ፣ ከቀኝ ጎኗና ከውዱእ አካላት መጀመር፣ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ መደጋገም፣ በመጨረሻው ላይ ካፉር መጨመር። ካስፈለገ ከአምስት በላይ ማድረጉን ለአጣቢዎቹ እይታ ተዉላቸው። ሲጨርሱ እንዲያሳውቋቸውም አዘዙ። ባሳወቋቸው ጊዜ ሽርጣቸውን ሰጥተው ከገላዋ ጋር አስነክተው እንዲያለብሷት አደረጉ።

እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ወርክሾፕ ውስጥ የምንፈልገው ማስተማር ይህን ዓይነቱን ነው። ቅደም ተከተሉ ተነገረ፣ መወሰን ያለበት ነገር ለሠሪዋ ተተወ፣ ውጤቱ ተጠየቀ። ነርሶችን የምታሠለጥን ጎበዝ አስተማሪም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ኋላ ኡሙ ዐጢያ በበስራ ኖረች። እዚያ የነበሩ ሶሓቦችና የታቢዒን ዑለማእ የጀናዛ አስተጣጠብን ከእሷ ተማሩ። ታዋቂው ዓሊም ሙሐመድ ኢብኑ ሲሪንና እህቱ ሐፍሷ ከዘጋቢዎቿ መካከል ናቸው። የዘይነብ ፀጉር ሦስት ጉንጉን ተደርጎ መሠራቱን ሳይቀር ሐፍሷ አቆይታልናለች። ሐዲሱ እስከ ዛሬ በጀናዛ ፊቅህ ዋና ማስረጃ ነው።

ጀናዛ ማጠብ ፈርዱ ኪፋያ ነው፤ የሚችል ጠፍቶ ከቀረ ተጠያቂነቱ የሁላችን ነው። የጀናዛን ምዕራፍ በመድረሳ ብንቀራም፣ ኪታብ መቅራት ብቻውን እጅን አያሠለጥንም። በጀመዓችን ነርሲንግና ሚድዋይፈሪ የምትማሩ እህቶቻችን ሆይ! ክብሩን ጠብቃችሁ የሰው ገላ መያዝን እየተማራችሁ ነው። አስተጣጠቡን ከሚያውቁ እናቶች ጠይቁና ለታናናሾቻችሁ በእጃችሁ አሳዩ። አንዲት ሙስሊም ሴት ሞታ አጣቢ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር የሚዞርበት ቀን እንዳይመጣ።

አላህ በኡሙ ዐጢያ ሥራውን ይውደድላት፤ እኛንም ያወቅነውን የምናስተላልፍ ያድርገን። ኣሚን።