ቶማስ ሆብስ፦ ፍርሃትን የመረመረ መምህር

ሰዎች በፖለቲካ ጎራ ለይተው የሚጫረሱት ለምንድን ነው? ክፉ ስለሆኑ ብቻ ነው? ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ይህን ጥያቄ አጥብቆ የመረመረ አንድ የእንግሊዝ ፈላስፋ ነበር፤ ቶማስ ሆብስ ይባላል።

ሆብስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1588 ማምስበሪ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ጊዜው የስፔን የጦር መርከቦች እንግሊዝን ሊወሩ ነው ተብሎ የሚወራበት ነበር። እናቱም በወሬው ደንግጣ ያለ ቀኗ እንደ ወለደችው ይነገራል። ቄስ የነበረው አባቱ ከሌላ ቄስ ጋር ተጣልቶ ከቀዬው ሲጠፋ፣ ልጁን ያስተማረው አጎቱ ነው።

በ1608 ከኦክስፎርድ ተመርቆ በካቨንዲሽ መኳንንት ቤት አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። እንግዲህ የሙያ ባልደረባችን ነበር ማለት ነው! በ1629 የግሪኩ ቱሲዲደስ ስለ አቴናና ስፓርታ ጦርነት የጻፈውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመ። ቱሲዲደስ የጦርነቱን ሥር ያገኘው ስፓርታ የአቴናን ማደግ በመፍራቷ ውስጥ ነው።

በ1640 የእንግሊዝ ንጉሥና ፓርላማው ሲፋጠጡ፣ የንጉሡን ሥልጣን ደግፎ የጻፈው ሆብስ ወደ ፓሪስ ሸሸ። በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ፤ በ1649 ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ አንገቱ ተቀላ። ሆብስም በ1651 ሌዋታን የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ።

የመጽሐፉ አንዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ዳኛ በሌለበት አገር ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። ሁለቱም ሰላም ይፈልጋሉ። ነገር ግን አንዱ ሌላው ማታ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ለጥንቃቄ ብሎ ጦር ይገዛል። ያኛውም ጦሩን አይቶ ይሰጋል፤ ሳልቀደም ልቅደም ይላል። ስለዚህ ሆብስ ከጥቅምና ከክብር ሌላ አለመተማመንን የጠብ ምክንያት አድርጎ ቆጠረው። መድኃኒቱም፣ ሁሉም ለአንድ የበላይ ሥልጣን መገዛት ነው አለ።

ታዲያ ባለሥልጣኑ ራሱ ነገ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ሆብስ እዚህ ላይ በቂ መልስ አልሰጠም። የገዛ ሕይወቱም ጉድለቱን ያሳያል። አገሩ ከገባ በኋላ፣ በ1666 ለንደን ከተቃጠለች በኋላ፣ ፓርላማው መጽሐፉን በክህደት ሊመረምር ተነሳ። ሽማግሌውም ፈርቶ ጽሑፎቹን እንዳቃጠለ ይነገራል። ፓሪስ ሳለ ሒሳብ ያስተማረው ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ እንኳ ስለ ጦርነቱ የጻፈውን ታሪክ እንዳያሳትም ከልክሎታል። በ1679 በ91 ዓመቱ አረፈ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ነገ ክፍል ስንገባ እኛም ባለሥልጣን ነን። ምን እንደሚያስቀጣው የማያውቅ ተማሪ ትምህርቱን ትቶ የመምህሩን ፊት ሲያነብ ይውላል፤ ራሱን ለማዳን ሲል ጓደኛውን ያሳብቃል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቶ ነው። ስለዚህ ደንቡ አስቀድሞ ይነገር፤ መምህሩንም ይሰር።