ወለል እየወለወሉ የተማሩት የሒሳብ መምህር

ባለፈው የሒሳብ ፈተና 38 አምጥቼ ወረቀቱን ከእናቴ ደብቄ ነበር። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳቤን ያስቀየረኝን ሰው ታሪክ ነው።

መምህር ሃይሜ ኤስካላንቴ እ.ኤ.አ. በ1930 በቦሊቪያ፣ ላፓዝ ከተማ ተወለዱ። እናትና አባታቸውም አስተማሪዎች ነበሩ። በአገራቸው ሒሳብና ፊዚክስ ሲያስተምሩ ቆይተው ወደ አሜሪካ ሄዱ። እዚያ ግን እንግሊዝኛ አይችሉም፣ የማስተማር ፈቃድም የላቸውም። ምን አደረጉ? ምግብ ቤት ወለል እየወለወሉ ማታ ማታ እንደገና ተማሩ። ዲግሪ ይዘው በ1974 በሎስ አንጀለስ፣ የድሃ ልጆች በሚማሩበት ጋርፊልድ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ከክፍል በፊትም፣ ከክፍል በኋላም፣ ቅዳሜም ያስጠኑ ነበር።

በ1982 18 ተማሪዎቻቸው በጣም ከባድ የሆነውን የካልኩለስ ፈተና አለፉ። ፈታኞቹ ግን 14ቱን ተኮራርጀዋል ብለው ጠረጠሩ። ከነሱ 12ቱ ድጋሚ ተፈተኑ፤ ሁሉም አለፉ! መምህሩ በ2010 አረፉ።

እኔን የገረመኝ አስተማሪ ሆነው ሳለ እንደገና ተማሪ ለመሆን አለማፈራቸው ነው። እኔም ወረቀቴን አውጥቼ ለእናቴ አሳየኋት። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ በኋላ ግን አብራኝ ቁጭ አለች። የተሳሳትኳቸውንም ጥያቄዎች አንድ በአንድ እየሠራሁ ነው። እናንተስ የደበቃችሁት ወረቀት አለ?