ኮረኮንች ያልጣለው፣ ትንኝ የጣለችው ሻምፒዮን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በብስክሌት የወረደ ሰው የፍሬንን ጥቅም ያውቃል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣ ደግሞ ሳንባው ምን ያህል እንደሚችል ያውቃል። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በገራዶ ሜዳ ወይም በይጎፍ ደን ዙሪያ በፒስታ የነዳ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ያውቃቸዋል። ጠጠሩ ጎማውን ያንሸራትታል፣ አቧራው ካቴናው ውስጥ ይገባል፣ እጅ ይደነዝዛል። ፈረንጆች ይህንን «ግራቭል» ብለው ስም ካወጡለትና ልዩ ብስክሌት ከሠሩለት ቆይተዋል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጁለታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተካሄደው ጣሊያን ውስጥ ነበር።

ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ አዲስ አይደለም። ከ70 ዓመት በፊት በጂሮ ዲታሊያም ሆነ በቱር ደ ፍራንስ ብዙው የተራራ መንገድ ኮረኮንች ነበር። ጎማ ሲፈነዳ ተወዳዳሪው በትከሻው ላይ ጠምጥሞ ከያዘው ትርፍ ጎማ ይቀይራል። የዚያ ዘመን ንጉሥ ፋውስቶ ኮፒ ይባላል። ጣሊያኖች ከሻምፒዮንም በላይ የሆነ ሻምፒዮን ለማለት «ካምፒዮኒሲሞ» ይሉት ነበር።

ኮፒ የተወለደው በሴፕቴምበር 15 ቀን 1919 በሰሜን ጣሊያን ካስቴላኒያ በምትባል ትንሽ የኮረብታ መንደር ነው። ቤተሰቡ ገበሬ ነው። ልጁ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር ነበር። ትምህርቱን ትቶ ኖቪ ሊጉሬ በምትባል ከተማ ሥጋ ቤት ተቀጠረ። ሥራው በብስክሌት ለደንበኞች ሥጋ ማድረስ ነበር። እዚያው ከተማ ውስጥ ቢያጆ ካቫና የሚባል ዓይነ ስውር ማሳጅ ባለሙያና አሠልጣኝ አገኘው። ካቫና የብስክሌተኛን ጡንቻ በእጁ ዳስሶ አቅሙን ያውቃል የሚባልለት ሰው ነው። ይህን ቀጭን ልጅም ከዳሰሰው በኋላ አለቀቀውም።

በ1940 ኮፒ ገና በ20 ዓመቱ የጂሮ ዲታሊያ አሸናፊ ሆነ። የሚገርመው ቡድኑ ያሰለፈው የጂኖ ባርታሊ ረዳት እንዲሆን ነበር። ባርታሊ በወቅቱ የጣሊያን አንደኛ ኮከብ ነው። ረዳት የተባለው ልጅ ግን ዋንጫውን ወስዶ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ጣሊያን ለሁለት ተከፈለች። እኛ ጋ ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ያለውን ስሜት የሚያውቅ ሰው የኮፒንና የባርታሊን ጉዳይ ለመረዳት አይቸገርም። ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር አባት የባርታሊ፣ ልጅ የኮፒ ይሆኑ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጣሊያን ሲባል ለእኛ ብስክሌት ብቻ አይደለም። የሞሶሎኒ አውሮፕላኖች በ1935 መጨረሻ ደሴን በቦምብ ደብድበዋል፤ ጦሩም ከተማዋን ይዞ እስከ ኤፕሪል 1941 ቆይቷል። ኮፒ እዚህ አልመጣም፤ ግን የዚያው መንግሥት ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተላከ። ከመላኩ በፊት በኖቬምበር 1942 ሚላን ውስጥ በቪጎሬሊ መም በአንድ ሰዓት 45.798 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። ሪከርዱ 14 ዓመት ቆየ። እሱ ግን በ1943 ቱኒዚያ ላይ በእንግሊዞች ተማረከና ምርጥ ዓመታቱን በምርኮ ካምፕ አሳለፈ።

ሲመለስ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ የመጣ ይመስል ነበር። በ1946 በሚላን ሳን ሬሞ ውድድር ሁለተኛውን የቀደመው በ14 ደቂቃ ነው። ልብ በሉ፣ ሴኮንድ አይደለም፣ ደቂቃ ነው!

የእግር ኳስ ወዳጆች ግንቦት 1949ን አይረሱም። ያን ታላቅ የቶሪኖ ቡድን የያዘው አውሮፕላን ሱፐርጋ ላይ ተከስክሶ ሁሉም ያለቁት በሜይ 4 ነው። ጣሊያን ከል ለብሳ ሳለ በዚያው ወር ጂሮ ተጀመረ። ጁን 10 ቀን ደግሞ ከኩኔዮ ፒኔሮሎ 254 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ቀን ደረሰ። በመሀል አምስት ትላልቅ ተራሮች አሉ፤ መንገዱም ብዙ ቦታ ላይ ጠጠርና ጭቃ ነው። ኮፒ በመጀመሪያው ተራራ ላይ ብቻውን ወጣ። የቀረው 192 ኪሎ ሜትር ነበር። ለንጽጽር ያህል፣ ደሴና ኮምቦልቻን አራት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ከኋላው እያሳደደው ያለው ባርታሊ ነበር። ፒኔሮሎ ሲደርሱ በመካከላቸው 11 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ልዩነት ነበር።

ኮፒ ያን ዓመት ጂሮንም ቱር ደ ፍራንስንም አሸነፈ። ሁለቱን በአንድ ዓመት የወሰደ ከእሱ በፊት አልነበረም። በ1952ም ደገመው። በዚያው የ1952 ቱር ተራራ ላይ ከባርታሊ ጋር አንድ ጠርሙስ ውኃ ሲቀባበሉ የሚያሳይ ፎቶ ተነሳ። ማን ለማን ሰጠ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሕይወቱ ግን ድል ብቻ አልነበረም። በ1951 ታናሽ ወንድሙ ሰርሴ በውድድር መጨረሻ ላይ ወደቀ። ሰርሴ ራሱ በ1949 ፓሪ ሩቤን ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር በጋራ ያሸነፈ ብስክሌተኛ ነው። ከወደቀ በኋላ ምንም ያልሆነ መስሎ ወደ ሆቴሉ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሞተ። ኮፒ ብስክሌት ሊተው አስቦ ነበር። በ1953 ግን ጂሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣው 2,758 ሜትር ከፍታ ባለው ስቴልቪዮ ተራራ ላይ፣ በበረዶ ግድግዳ መሀል፣ ሁጎ ኮብሌትን ጥሎት ሄዶ አምስተኛ ጂሮውን ወሰደ። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ በኋላ ስሙ በፍርድ ቤት ተነሳ። ባለትዳር ሆኖ ጁሊያ ኦኪኒ ከምትባል ባለትዳር ሴት ጋር ኖረ። በጊዜው የጣሊያን ሕግ ይህ ወንጀል ነበርና ሁለቱም ተፈረደባቸው፣ ቅጣቱ ቢታገድም። በጊዜው ያልተከለከሉ አነቃቂ መድኃኒቶችን እንደሚወስድም አልደበቀም። ሰው ነበር እንጂ መልአክ አልነበረም።

የኮፒ መንገድ ከኛ ጋር የሚገናኝበት ቦታም አለ። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከአትሌቶቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ሄደዋል። በጎዳናው ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ። ያንን ውድድር ያሸነፈው ጣሊያናዊ ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። በቀጣዩ ዓመት ባልዲኒና ያረጀው ኮፒ ተጣምረው ባራኪ የሚባለውን የሁለት ሰው ውድድር አሸነፉ። የኮፒ የመጨረሻ ታላቅ ድል ያ ነበር።

አሁን ወደ ፍጻሜው እንሂድ። በዲሴምበር 1959 ኮፒ ከፈረንሳይ ኮከቦች ጋር ለግብዣ ውድድር ወደ ኦት ቮልታ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ ሄደ። ዋጋዱጉ ላይ ውድድር አደረጉ፣ ከዚያም ለአደን ወጡ። ከራፋኤል ጀሚኒያኒ ጋር አንድ ክፍል ተኛ። ክፍሉ ትንኝ የሞላበት ነበር።

ወደየአገራቸው ሲመለሱ ሁለቱም በትኩሳት ወደቁ። ፈረንሳይ ውስጥ የጀሚኒያኒ ደም ተመረመረ፤ ወባ ተገኘና ኪኒን ተሰጠው፣ ዳነም። ጣሊያን ውስጥ ግን ሐኪሞቹ የኮፒን ሕመም እንደ ጉንፋንና እንደ ሳንባ በሽታ አድርገው አከሙት። ከፈረንሳይ ወባ ነው የሚል መልእክት እንደደረሳቸው ይነገራል፤ አልተቀበሉትም። ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ቶርቶና ሆስፒታል ውስጥ በ40 ዓመቱ አረፈ። ጀሚኒያኒስ? በ99 ዓመቱ በ2024 ነው የሞተው። አንድ ክፍል፣ አንድ ዓይነት ትንኝ፣ በመሀላቸው ግን ወደ 65 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ። ልዩነቱን ያመጣው የደም ምርመራ ነው።

ይህ ታሪክ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጅ ሩቅ አይደለም። ኮፒ የሞተበትን በሽታ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ በሐርቡ፣ በከሚሴና በባቲ አቅጣጫ ያለ ማንኛውም ጤና ባለሙያ ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ደጋ ነው። ቅዳሜና እሁድ ተነስቶ በቦርከና ዳር በፒስታ ቆላ ወርዶ ያደረ የደሴ ልጅ ሰውነቱ ወባን አልለመደም። ትኩሳቱ ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ሲነሳ ብርድ ነው፣ ድካም ነው ብሎ ይተኛል። አንዳንዱ ወባ ደግሞ ከወራት በኋላም ይነሳል። ስለዚህ ጎማችሁን፣ ካቴናችሁንና ፍሬናችሁን ስታዩ አጎበሩንም ያዙ። ስትመለሱ ካተኮሳችሁ ደግሞ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ ሳትጠብቁ ቆላ ወርጄ ነበር በሉና ደማችሁን አስመርምሩ።

ካስቴላኒያ ከ2019 ጀምሮ ስሟ ካስቴላኒያ ኮፒ ሆኗል። በየዓመቱ የጂሮ ከፍተኛው ተራራም «ቺማ ኮፒ» ይባላል። አምስት ጂሮና ሁለት ቱር የወሰደ ሰው ይህ ሲያንሰው ነው። ግን ከስሙ ይልቅ ዕድሜው ቢረዝም ይሻል ነበር። ለዚያ ደግሞ ያስፈልግ የነበረው ከየት መጣህ የሚል አንድ ጥያቄና አንድ ጠብታ ደም ብቻ ነበር።