ጊታሯን ይዛ የወጣችው ዘማሪት፦ የእህት ሮዜታ ታርፕ ሕይወት

ጊታር የሚወዱ ሰዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ ጨዋታው ወዴት እንደሚያመራ ታውቃላችሁ። አንዱ ጂሚ ሄንድሪክስን ያነሳል፤ ሌላው የለም ኤሪክ ክላፕተን ይበልጣል ይላል፤ የብሉዝ ወዳጅ ደግሞ ቢ ቢ ኪንግን ወይም መዲ ዋተርስን ይጠራል። ጥቂት ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ካለ ቸክ ቤሪ ላይ ደርሶ ይቆማል። ክርክሩ አያልቅም፤ ሁሉም የሚሟገትለት የራሱ ሰው አለው። ነገር ግን የዚህን ሙዚቃ የትውልድ ሐረግ ወደ ላይ እየቆጠራችሁ ብትሄዱ፣ ከሥሮቹ አንዱ ወደ አንዲት የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳችኋል። በዚያም ከቁመቷ የሚተካከል ጊታር ያንጠለጠለች አንዲት ትንሽ ልጅ ታገኛላችሁ። ዛሬ የምናወራችሁ ስለዚህች ልጅ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥጥ ለቃሚዎቹ ልጅ

ሮዜታ ማርች 20 ቀን 1915 በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። የከተማዋ ስም የጥጥ ተክል ማለት ነው፤ ወላጆቿም ጥጥ ለቃሚዎች ነበሩ። እናቷ ኬቲ ቤል ኑቢን ማንዶሊን እየመቱ የሚዘምሩና ወንጌል የሚሰብኩ ብርቱ ሴት ነበሩ። የሚያመልኩባት ቤተ ክርስቲያን፣ በእንግሊዝኛ ስሟ ቸርች ኦፍ ጎድ ኢን ክራይስት የምትባለውና በቢሾፕ ቻርለስ ሜሰን የተመሠረተችው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በዚያ ዘመን ጊታርንና ከበሮን ወደ ጉባኤ የማያስገቡ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ግን ሕዝቡ እያጨበጨበና እየዘለለ፣ በእጁ የተገኘውን መሣሪያ ሁሉ ለምስጋና ያውለው ነበር።

ሮዜታ ገና በአራት ዓመቷ ገደማ ጊታር ይዛ መዘመር እንደ ጀመረች ይነገራል። ስድስት ዓመት ሲሆናት እናቷ ከእርሷ ጋር ወደ ቺካጎ ሄዱ። ያ ጊዜ እጅግ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡቡ ጭቆናና ድህነት ሸሽተው ወደ ሰሜን ከተሞች የሚጎርፉበት ዘመን ነበር። እናትና ልጅ በቺካጎም በየከተማው በሚደረጉ የመነቃቃት ጉባኤዎችም እየተዘዋወሩ ያገለግሉ ነበር፤ እናት ይሰብካሉ፣ ልጅ ትዘምራለች።

አጨዋወቷ ምን ልዩ ነገር ነበረው? ብዙ ሰው ጊታርን የሚያውቀው ከዘማሪው በታች ሆኖ ዜማውን እንደሚደግፍ መሣሪያ ነው። የሮዜታ ጊታር ግን ራሱ ይዘምር ነበር። እርሷ አንድ ስንኝ ስታወጣ ጊታሩ ይቀበላታል፤ ልክ አውጪና ተቀባይ እንዳለበት ዝማሬ ማለት ነው። በአውራ ጣቷ ወፍራሞቹን ክሮች እየመታች ምቱን ስትጠብቅ፣ በሌሎቹ ጣቶቿ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ዜማውን ታስሮጠው ነበር። ይህ ማውጣትና መቀበል የብሉዝም መሠረት ነው። በጥጥ ማሳ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመጠጥ ቤት ይሰማ የነበረው ድምፅ ከአንድ ሕዝብ ጉሮሮ የወጣ ስለ ነበር የሚለያየው በዜማው ሳይሆን በሚነገርበት ቃል ነበር ማለት ይቻላል።

ከጉባኤ ወደ ኮተን ክለብ

በ1934 ቶማስ ቶርፕ የሚባል ሰባኪ አገባች። ትዳሩ አልሰመረም፤ ስሙ ግን ጥቂት ተለውጦ ታርፕ ሆኖ እስከ መጨረሻው አብሯት ቀረ። በ1938 ወደ ኒው ዮርክ ሄደችና ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። የጉባኤዋ ልጅ ኮተን ክለብ በሚባለው ዝነኛ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ወጣች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ለዴካ የሸክላ ኩባንያ አራት ዜማዎች አስቀረጸች። ዲሴምበር 23 ቀን ደግሞ ጆን ሃመንድ ባዘጋጀው ትልቅ ዝግጅት ላይ በካርኔጊ አዳራሽ ተጫወተች። ዕድሜዋ 23 ነበር።

አሁን ቆም ብላችሁ አስቡ። ትናንት ሰዎች በእንባና በጸሎት የሰሙት መዝሙር ዛሬ ሰዎች እየጠጡና እየጨፈሩ በሚዝናኑበት አዳራሽ ይሰማ ጀመር። ያሳደጓት ምእመናን ብዙዎቹ አዘኑ፤ አንዳንዶቹም ተቆጡ። ቁጣቸውን በቀላሉ አንናቀው። እነዚያ ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤትና በሰው ማሳ ሲዋረዱ ሰንብተው ራሳቸውን ቀና የሚያደርጉት በእግዚአብሔር ቤት ብቻ ነበር። በቅዳሜ ምሽትና በእሑድ ጠዋት መካከል ያጠሩት አጥር ልጆቻቸውን ከመጠጥና ከጥፋት የሚጠብቁበት አጥር ነበር። እርሷ ያንን አጥር መዝሙሩን ይዛ ዘለለችው። ከዚያም ከለኪ ሚሊንደር ኦርኬስትራ ጋር ስትሠራ መንፈሳዊ ያልሆኑ ዘፈኖችንም ዘፈነች።

ይሁን እንጂ መዝሙሩን አልተወችም። ከኦርኬስትራው ተለይታ ጊታሯን ይዛ ወደ መንፈሳዊ ዝማሬ ተመለሰች። በ1944 ከፒያኖ ተጫዋቹ ሳሚ ፕራይስ ጋር «ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፕኒንግ ኤቭሪ ዴይ» የሚለውን መዝሙር አስቀረጸች። በ1945 ይህ መዝሙር ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት ለጥቁሮች ሙዚቃ ለብቻ ያወጣው በነበረው ዝርዝር ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ሮክ ኤንድ ሮል የሚባለው ነገር ስሙ እንኳ ገና ሳይታወቅ፣ ያ የሚያስፈነጥዝ ምትና የሚጮኸው ጊታር በአንድ መንፈሳዊ መዝሙር ላይ ተሰማ። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች የሮክ ኤንድ ሮል መነሻ ከሚሏቸው ሸክላዎች መካከል ይህንን የሚቆጥሩት ስለዚህ ነው።

ፍሬዋ በሌሎች ላይ

በ1947 በጆርጂያ ግዛት በሜከን ከተማ ልትዘምር በሄደች ጊዜ፣ በአዳራሹ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ የ14 ዓመት ልጅ ሲዘምር ሰማችው። ጠራችውና መድረክ ላይ አወጣችው፤ ለድካሙም ከፈለችው። ያ ልጅ ኋላ ሊትል ሪቻርድ ተብሎ ዓለም ያወቀው ነው። የእርሷው የአርካንሳስ ልጅ ጆኒ ካሽ ከሁሉ አብልጦ ከሚወዳቸው ድምፆች መካከል የእርሷን ይጠራ ነበር። ጆርዳኔርስ የሚባሉት ነጭ ዘማሪዎች ከእርሷ ጋር ዞረው ዘምረዋል፤ በኋላ ከኤልቪስ ፕሬስሊ ጀርባ ቆመው የዘፈኑትም እነርሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያደረገችው በምን ኑሮ እንደ ነበር አትርሱ። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር በመሆኗ ሆቴሎች አያስተናግዷትም ነበር፤ ስለዚህ በአውቶቡሷ ውስጥ ታድር ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያጨበጨበላት ሴት ለእራቷ በምግብ ቤቱ የጓሮ በር በኩል መጠየቅ ነበረባት።

ከ1946 ጀምሮ ከዘማሪት ማሪ ናይት ጋር አብረው አገለገሉ። በ1949 ማሪ ልጆቿንና እናቷን በቤት ቃጠሎ አጣች። ያ ወዳጅነት እንዲህ ባለ መከራም ውስጥ ያለፈ ነው። በ1951 ጁላይ 3 ቀን ደግሞ ሮዜታ በዋሽንግተን ከተማ በግሪፊዝ ስታዲየም ራስል ሞሪሰንን አገባች። ቲኬት ገዝቶ ሠርጉን የታደመው ሕዝብ ከ20 እስከ 25 ሺህ ይገመታል። ሙሽራዋም በሙሽራ ልብሷ ሆና ጊታሯን መታች።

ዝናቡና ዝምታው

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ወደ ታች ወረደ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የብሉዝ ሸክላ ማስቀረጿ የመዝሙር ሰሚዎቿን እንደገና አራቀባት። እርሷ የከፈተችውን መንገድ ወጣት ወንዶች ይሮጡበት ጀመር፤ ገንዘቡንም ዝናውንም እነርሱ አገኙ። ሮዜታ በትንንሽ አዳራሾች መዘመር ቀጠለች። በ1957 ከክሪስ ባርበር የጃዝ ባንድ ጋር በእንግሊዝ ዞራ ዘመረች፤ በዚያም ያልጠበቀችው ሰሚ አገኘች።

ከዚህ ዘመን የቀረልን አንድ ፊልም አለ። በ1964 ሜይ 7 ቀን ግራናዳ የተባለው ቴሌቪዥን በማንቸስተር ከተማ በተዘጋ አሮጌ የባቡር ጣቢያ ላይ ዝግጅት አደረገ። ተመልካቾቹ በሐዲዱ ማዶ ተቀምጠዋል። ዝናብ ይዘንባል። ሮዜታ በፈረስ ጋሪ መጥታ፣ ካፖርቷን እንደ ለበሰች ነጩን ኤሌክትሪክ ጊታር አንጠልጥላ፣ ስለ ኖኅ ዘመን ዝናብ የሚናገረውን መዝሙር ጀመረች። ዕድሜዋ ወደ 50 ተጠግቷል። ፊልሙን ካያችሁት ክሮቹን ስትመታ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ አትረሱትም። አንዳች የሚያሳፍር ነገር የምታደርግ ሴት ፊት አይደለም፤ ገና በቺካጎ ጉባኤ ፊት የቆመች ልጅ ይመስላል።

እናቷም አረፉ። በ1970 ስትሮክ መታት፤ በስኳር በሽታም ምክንያት አንድ እግሯ ተቆረጠ። እንዲያም ሆና መዘመሯን አላቆመችም። በ1973 ኦክቶበር 9 በፊላዴልፊያ ከተማ በ58 ዓመቷ አረፈች፤ ሌላ መዝሙር ለማስቀረጽ ቀጠሮ ይዛ ነበር። ለቀብሯ ፀጉሯንና ፊቷን ያሰናዳችው ያቺው ማሪ ናይት ናት።

በፊላዴልፊያ በኖርዝዉድ የመቃብር ስፍራ ተቀበረች። ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ ግን አልነበረም። ከ30 ዓመት በላይ መቃብሯ እንዲሁ ሣር ለብሶ ኖረ። በ2007 ጌይል ዋልድ የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች፤ በ2008 ጃንዋሪ 11 ቀን ለመቃብሯ ድንጋይ ገንዘብ የሚሰበሰብበት የሙዚቃ ዝግጅት በፊላዴልፊያ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ቆመ። በ2018 ደግሞ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሟን ከቀደምቶቹ ጋር አስገባ። ከሞተች 45 ዓመት ሆኗት ነበር።

እኛስ ምን እንማራለን?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ በሁለት መንገድ አሳጥሮ መጨረስ ይቻላል። አንደኛው፣ ስጦታ ካለ ሁሉ ይፈቀዳል ብሎ ማለፍ ነው። የሮዜታ ሕይወት ግን እንዲህ አያስተምርም፤ በሁለት ቤት መካከል መቆሟ ዋጋ አስከፍሏታል፤ ዓለም ጊታሯን ወስዶ እርሷን ትቷታል። ሁለተኛው መንገድ፣ ወጣች እንግዲህ ብሎ ስሟን መሰረዝ ነው። ይህ ደግሞ ያቺን ልጅ በአራት ዓመቷ ጊታር ያስያዛት፣ እየዘመረች ያሳደጋት የገዛ ቤቷ እንደ ነበረ መርሳት ነው።

አባቱ ቤት የቀረውን ታላቅ ወንድም ታስታውሳላችሁ። ስለ ወንድሙ ጥፋት የተናገረው እውነት ነበር፤ ነገር ግን ከደጅ ቆሞ ቀረ። በጉባኤያችንም ድምፁን ወይም እጁን ይዞ የወጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ተመልሶ በር ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም። አጥሩን መጠበቅ ተገቢ ነው። ግን አጥር በር ከሌለው እስር ቤት ነው፤ የወጣውም መመለሻ፣ የቀረውም መቀበያ አያገኝም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ወዳጆቻችሁ በጊታር ተጫዋቾች ሲከራከሩ ብትሰሙ የእርሷንም ስም ጨምሩ። ከዚያም ከጉባኤያችሁ ወጥቶ የሄደ አንድ ሰው ወደ ልባችሁ ቢመጣ፣ ስሙን በጸሎት አንሱት፤ ከተቻላችሁም ስልክ ደውሉለት። ድንጋይ እስኪቆምለት አትጠብቁ።