«ሩሲያዊው» የመስመር ዳኛ ሩሲያዊ አልነበረም

የእግር ኳሱ ዓለም «ሩሲያዊው የመስመር ዳኛ» እያለ የሚያስታውሰው ቶፊቅ በህራሞቭ እ.ኤ.አ. በ1925 ባኩ ላይ የተወለደ አዘርባጃናዊ ነው። ስሙም የእኛው ተውፊቅ ነው።

በወጣትነቱ ኳስ ተጫዋች ነበር። የእግር ጉዳት ከሜዳ ሲያስወጣው ፊሽካ ይዞ ተመለሰ፤ በሶቪየት ሊግ ዳኝቶም እስከ ዓለም ዋንጫ ደረሰ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1966፣ ዌምብሌይ። እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን መደበኛውን ሰዓት 2 ለ 2 ጨርሰው ተጨማሪው ላይ ናቸው። በ101ኛው ደቂቃ ጄፍ ኸርስት የመታት ኳስ የላይኛውን አግዳሚ ገጭታ መሬት ላይ ነጥራ ወጣች። የመሃል ዳኛው፣ ስዊዘርላንዳዊው ጎትፍሪድ ዲንስት፣ እርግጠኛ ስላልነበረ ወደ ቶፊቅ ሄደ። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። ቶፊቅ በምልክት ጎል መሆኗን አሳወቀ። እንግሊዝ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሳች።

በኋላ በፊልሙ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ኳሷ መስመሩን ሙሉ በሙሉ እንዳላለፈች ያመለክታሉ። በቅጽበት የፈረደን ሰው በዛሬ ካሜራ መክሰስ ግን ለእኛ ፍትሕ አይመስለንም። የሙያ አጋሮቹም ፊት አልነሱትም፤ በ1972 የዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜን የመጀመሪያ ጨዋታ መርቷል።

በ1993 አረፈ። የሌኒንን ስም ይዞ የኖረው የባኩ ስታዲየም በእሱ ስም ተሰየመ። በ2004 ሐውልቱ ሲመረቅ ኸርስት ራሱ ባኩ ድረስ መጥቶ ተገኝቷል።