የጦር መርከቡን ዋጋ ማን ከፈለ?

የባሕር ኃይል የአንድ አገር ጠረፍ ጋሻ ሊሆን ይችላል፤ የከበርቴው የወረራ መሣሪያ ሲሆን ግን በሰፊው ሕዝብ ጫንቃ ላይ የተጫነ ሸክም ይሆናል። ለዚህም የጀርመኑ አድሚራል የአልፍሬድ ፎን ቲርፒትስ ሕይወት ሕያው ማስረጃ ነው።

ቲርፒትስ እ.ኤ.አ. በ1849 ከሕግ ባለሙያ ቤተሰብ ተወለደ። በ1865 በፕሩሲያ ባሕር ኃይል ገብቶ በቶርፔዶ ክፍል ታወቀ። በ1897 ቄሣር ዳግማዊ ዊልሄልም የባሕር ኃይሉን መሥሪያ ቤት በኃላፊነት ሰጠው። ዓላማው ጠረፍ መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ቅኝ ግዛትንና ገበያን ቀድማ የተቀራመተችውን ብሪታንያን የሚያሰጋ ኃይል መገንባት ነበር። የ1898 ሕግ 19 ታላላቅ የጦር መርከቦችን ሲወስን፣ የ1900 ሕግ ቁጥሩን ወደ 38 አሳደገው።

ብሪታንያ በ1906 ድሬድኖት የተባለውን መርከብ ባሰለፈች ጊዜ የቀድሞዎቹ ሁሉ ያረጁ ሆኑ። ጀርመንም ተከተለች፤ 24 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ይፈጅ የነበረው የአንድ መርከብ ወጪ 37 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። የብረት ጥሩሩን የሚያቀርበው የክሩፕ ኩባንያ ትርፍ አጋበሰ። በ1909 ባለርስቶቹ መሳፍንትና ደጋፊዎቻቸው በውርስ ሀብት ላይ የታሰበውን ግብር በምክር ቤት ውድቅ ሲያደርጉ፣ ቀረጡ በቢራ፣ በትንባሆ፣ በክብሪትና በአምፑል ላይ ተጣለ። ወዛደሩ ክብሪት በጫረ ቁጥር ለጦር መርከብ ከፈለ።

በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ይህ ሁሉ ሀብት የፈሰሰበት ኃይል የብሪታንያን የባሕር ከበባ መስበር ተሳነው፤ ረሃቡም የሠርቶ አደሩን ቤት አንኳኳ። ቲርፒትስ በ1916 ሥልጣኑን ለቀቀ። በጥቅምት 1918 መጨረሻ አዛዦቹ ለከንቱ የመጨረሻ ውጊያ ትእዛዝ ሲሰጡ መርከበኞቹ አሻፈረኝ አሉ። በኅዳር 3 ቀን በኪል ከተማ አመጹ፤ መርከብ የሚሠሩት ወዛደሮችም ከጎናቸው ተሰለፉ። ከስድስት ቀን በኋላ የቄሣሩ ዙፋን ወደቀ። በ1919 በስኮትላንድ ታግተው ከነበሩት 74 መርከቦች 52ቱ በገዛ ባሕርተኞቻቸው እጅ ሰጠሙ። ቲርፒትስ ግን በምክር ቤት ወንበር ይዞ ቆይቶ በ1930 ሞተ።

የመርከብ ግንባታ ዕቅድ በቀረበ ቁጥር እያንዳንዱ ሠርቶ አደር ሁለት ጥያቄዎችን ማንሳት ይገባዋል፦ የሚጠበቀው የማን ጥቅም ነው? ሒሳቡንስ የሚከፍለው የትኛው መደብ ነው?